ያለ ወራታቸው ያበቡ ማንጎዎች

ሰዉ ሁሉ ልኬ ነበር የሚለው። እናትና አባቱ ያወጡለት ስም ሌላ ነው፤ ልኬ ያሉት ማንጎ ያላቸው ገበሬዎች ናቸው። ሥራው ለፍራፍሬ ዛፍ መድኃኒት ማፍሰስ ነበር። ለተባይ የሚረጨውን ማለቴ አይደለም። እሱ የሚያፈሰው ዛፉ ዕድገቱን እንዲገታ፣ ቅጠልና ቅርንጫፍ ማብዛቱን ተወት አድርጎ ወደ አበባ እንዲዞር የሚያደርገውን ነው። ከግንዱ ሥር ዙሪያውን ጠበብ ያለች ቦይ ይቆፍርና ፈሳሹን በውኃ በጥብጦ ያጠጣዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ፣ የሰው ሁሉ ማንጎ ገና ቅጠሉን ታቅፎ ሲተኛ፣ ያ ዛፍ ያብባል። ፍሬውም ገበያ ላይ ማንጎ በጠፋበት ሰሞን ይደርሳል።

ሲያወሩት ቀላል ነው። አስቸጋሪው መጠኑ ነው። ሲያንስ ዛፉ ከመጤፍም አይቆጥረው። ሲበዛ ደግሞ ዛፉ ጭብጥ ይላል፤ አዲስ የሚያወጣው ቀንበጥ ሁሉ ሳይረዝም ያረጃል፣ ቅጠሉ አንድ ላይ ተጠቅልሎ ጥቅል ጎመን ይመስላል። አንዴ አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ ቶሎ አይለቅም፤ ዓመታት እዚያው ይቀመጣል። ስለዚህ ልኬ ከጀሪካኑ በፊት ሜትሩን ነበር የሚያወጣው። የዛፉን ጥላ ከዳር እስከ ዳር ይለካል። ዕድሜውን ይጠይቃል። አምና ስንት እንዳፈራ፣ ከማን ዘር እንደመጣ፣ ታሞ ያውቅ እንደሆነ ይጠይቃል። አንዱ ገበሬ ጥያቄው ሲበዛበት፣ "ሰውዬ፣ ልታገባት ነው እንዴ?" ብሎታል።

ልኬም፣ "ብታገባኝ ምን አለበት፤ ግን ልኳን ሳላውቅ አልነካትም" አለው።

ሚስቱ ልብስ ሰፊ ነበረች። ቤታቸው መንገድ ዳር ነው፤ የፊተኛው ክፍል የስፌት ቤቷ ነበር። ከስፌት መኪናዋ ጀርባ፣ አንድ ምስማር ላይ የእሷም የእሱም ሜትር ይሰቀላሉ። ልጅ አልወለዱም። ለዚያም ይሆናል እርስ በርስ መቀላለድ ያበዙት። እንግዳ ሲመጣ፣ "የኔ ባል ሻይ ውስጥ ስኳር ሲጨምር እንኳ ለክቶ ነው፤ ሲስመኝም ሳይለካ አይስመኝም" ትላለች። እሱ ጆሮው ድረስ ይቀላል። እሷ ደግሞ እሱን ማሳፈር ደስ ይላታል።

ከሚስቱ ሌላ ዘመድ የሚላት አንዲት ታናሽ እህት ነበረችው። እናታቸው የሞተችው እህቱ ገና ጥርሷን ሳትለውጥ ነው፤ አባታቸው ቀድሞ ሄዷል። ልኬ ያኔ ጎረምሳ ነበር። ሰው እርሻ ላይ ተቀጥሮ እየሠራ አሳደጋት። የሴት ጸጉር መሥራት ሁሉ ተለማመደ፤ ሲያበጥራት ስለሚያማት "ወንድም ጋሼ፣ ቀስ" እያለች ታለቅስ ነበር። ስታድግ ያገባችው የእሱኑ የልብ ጓደኛ ነው። እሱ ነው ያገናኛቸው፣ እሱ ነው የዳራት። አማቹ ከአባቱ የወረሰው የማንጎ እርሻ ነበረው፤ ቤታቸውም እዚያው እርሻው መሐል ነው። ደግ ሰው ነው፤ ትዕግሥት የሚባል ነገር ግን አልፈጠረበትም። ድስት ሳይፈላ ከፍቶ የሚያይ ዓይነት ነው።

እህቱ የታመመችው በጥሩ ዓመት ማግሥት ነበር። ጡቷ ውስጥ አንድ ነገር ወጣ። መጀመሪያ ደበቀችው፤ ስትናገር ጊዜው ሄዷል። ሐኪሙ በሩቁ ከተማ ወዳለው ትልቅ ሆስፒታል መሄድ እንዳለባት፣ ሕክምናው ረጅም እንደሚሆንና ብዙ ወጪ እንዳለው ነገራቸው።

አማቹ በነጋታው ልኬን እርሻው ዳር አገኘው።

"ዘንድሮም አፍስስልኝ" አለው።

"ዘንድሮማ ማረፍ አለባቸው። አምና ከአቅማቸው በላይ ነው የተሸከሙት። ቅጠላቸውን እየው፣ ገርጥቷል።"

"እሷስ?" አለው አማቹ። "በሽታዋን እረፍ ብለው ያርፍልኛል? በወቅቱ ማንጎ ሁሉም ሰው ጋ አለ፤ ማን ብሎ ይገዛኛል? ያለ ወቅቱ ካልደረሰልኝ ምን ይዤ ነው ሆስፒታል የምወስዳት?"

ልኬ ሜትሩን አወጣ። እያንዳንዱን ዛፍ ለካ፤ ከዚያ ዛፎቹ ደክመዋልና ከወትሮው እጅግ ቀንሶ አፈሰሰ። የተረፈውን መድኃኒት ጀሪካኑ ከባድ ስለነበር እነሱ ዕቃ ቤት ትቶት ሄደ። ሲወጣ አማቹን፣ "አፈሩ ከርጥበት እንዳይለይ። ደግሞ አትቸኩል፤ ይሄ ነገር የራሱ ጊዜ አለው" አለው።

አፈሩ ግን ደረቀ። የመስኖው ውኃ በተራ ነበር የሚደርሰው፤ ተራው ደግሞ በዚያ ሰሞን ራቀ። መድኃኒቱ ያለ ውኃ ወደ ሥሩ አይወርድምና ዛፎቹ ዝም አሉ። አማቹ ጠዋት ጠዋት እየተነሣ የቅርንጫፎቹን ጫፍ ይዳስሳል። ጠብ የሚል ነገር የለም። ቤት ሲገባ ሚስቱ መስኮት ዳር በተነጠፈላት አልጋ ላይ ሆና፣ "አበቡ እንዴ?" ትለዋለች።

"ዛሬ ነገ ነው" ይላታል።

አንድ ቀን እኩለ ቀን ላይ፣ ልኬ ሌላ መንደር ሥራ ይዞ ሳለ፣ አማቹ ዕቃ ቤት ገባና ጀሪካኑን አወጣ። ትንሽ ቢጨመር ያፋጥነዋል ብሎ ነው ያሰበው። ሜትር አልያዘም፤ ቢይዝም አያውቅበትም። በባልዲ እየበጠበጠ፣ ያገኘው ግንድ ሥር ሁሉ እየገለበጠ ጨረሰው። በማግሥቱ ደግሞ የውኃው ተራ ደረሰና የመጀመሪያውም ሁለተኛውም አንድ ላይ ወደ ሥሩ ወረደ።

ልኬ ጀሪካኑን ሊወስድ ሲመጣ ባዶ ሆኖ አገኘው። አነሣና ነቀነቀው።

"ምነው ቀለለ?"

"ተንጠባጥቦ አልቆ ነው መሰለኝ" አለ አማቹ፣ ወደ በሩ እያየ። "ክዳኑ ላልቶ ነበር።"

ልኬ ወለሉን አየ። ወለሉ ደረቅ ነው፣ አቧራው እንኳ አልተነካም። ወጣና ዛፎቹ ሥር ጎንበስ አለ፤ እሱ የቆፈራት ጠባብ ቦይ በሰፊ አካፋ ተዛብታለች፣ አፈሩም ላይ የመድኃኒቱ ነጭ ጭቃ ደርቋል። ሁሉም ገባው። ቀና ሲል እህቱ በመስኮቱ በኩል እጇን ታወዛውዝለታለች። እሱም አወዛወዘላት። ከዚያ ወደ አማቹ ተመለሰና፣ "ውኃ በደንብ አጠጣ። ባገኘኸው ጊዜ ሁሉ አጠጣ" ብቻ ብሎት ሄደ።

ማንጎዎቹ አበቡ። አበባ ያልያዘ ቅርንጫፍ አልነበረም። ጎረቤቱ ሁሉ እየመጣ ጉድ አለ። እህቱን ወንበር አውጥተውላት ጥላው ሥር አስቀመጧት፤ ንቦቹ ከራሷ በላይ ሲያጉረመርሙ ዓይኗን ጨፍና ታዳምጥ ነበር።

"ወንድም ጋሼ፣ ይሄን ሁሉ ያደረግከው አንተ ነህ?" አለችው።

"ባልሽ ነው" አላት።

ሳቀች። "ሂድ ወዲያ። እሱ እኮ ባልዲ የት እንዳለ እንኳ እኔን ነው የሚጠይቀው።"

አማቹ አጠገባቸው ቆሞ የረገፈ አበባ በእግሩ ይገፋ ነበር።

ፍሬው ደረሰ፣ ተለቀመ፣ ነጋዴ እርሻው ድረስ መኪና ይዞ መጥቶ ወሰደው። እህቱ ትልቁ ሆስፒታል ገባች። ቀዶ ሕክምናውንም መድኃኒቱንም አገኘች። ጸጉሯ አለቀ፤ ወንድሟ ሊጠይቃት ሲሄድ መሐረቧን ገልጣ፣ "እንግዲህ ማበጠር ቀረልህ" አለችው። እሱም መሐረቧን መልሶ አሰረላት። ከጥቂት ወራት በኋላ ሐኪሞቹ ወደ ቤቷ እንድትመለስ ነገሯት። ለምን እንደሆነ ሁሉም ገብቶታል። በዚያው መስኮት ዳር፣ ባሏ እጇን እንደያዘ አረፈች።

የዛፎቹ ነገር የታየው ከለቅሶው በኋላ ነው። የሌላው ሰው ማንጎ አዲስ ቀንበጥ ሲያወጣ፣ የእነሱ ግን እጅብ ያለ፣ ጣት የማያህል ነገር አወጣ። ቅጠሉ ተጨማደደ። የሚቀጥለው አበባ ሲመጣ እንደ ቡጢ ተጨብጦ መጣና ፍሬ ሳይዝ ረገፈ። የአካባቢው ገበሬዎች ሊያዩ ተሰበሰቡ። ልኬም መጥቶ ነበር፤ የዛፍ ሰው አይደል።

አንድ አዛውንት ገበሬ ቅጠሉን በጣታቸው እየደባበሱ፣ "ይሄ ከልኩ ያለፈ ነው። ምን ያህል ነው የፈሰሰበት?" ብለው ጠየቁ።

አማቹ የሟች ሚስቱን መሐረብ አንገቱ ላይ ጠምጥሞ፣ ጺሙን ሳይላጭ፣ መሬት መሬት እያየ ነበር። "ያፈሰሰውን ጠይቁት" አለ።

ሁሉም ወደ ልኬ ዞረ። ልኬ አማቹን አየው። ከሚስቱ ሞት በኋላ ልብሱ ሰፍቶታል። ይሄ ሰው ሚስቱን ቀብሯል፤ አሁን ደግሞ የአባቱን እርሻ በገዛ እጁ እንደገደለ በሰው ፊት ቢነገረው ምን እንደሚሆን ልኬ ማሰብ አልፈለገም። ሆድ ይፍጀው ብሎ ዋጠው።

"ተሳስቼ ይሆናል" አለ።

ያቺ አንዲት ቃል ሥራውን ጨረሰችው። ቀድሞ ቀጠሮ የያዙለት ገበሬዎች አንድ በአንድ ቀሩ። ፊት ለፊት የተናገረው የለም፤ "ዘንድሮ ልናሳርፋቸው ነው" ይሉታል፣ በሳምንቱ ግን ሌላ ሰው ሲያፈስላቸው ያያል። ልኬ የሚለው ስም ራሱ መቀለጃ ሆነ። አንድ ነገር ከመጠን ሲያልፍ፣ ወጥ ሲጨው እንኳ፣ "ልኬ ነው የሠራው" ማለት ተለመደ። እሱ አጥር ማጠርና ቅርንጫፍ መመልመል ጀመረ፤ የተገኘውን።

ሚስቱ ግን ዝም አላለችም። ቧንቧ ጋ ውኃ ሲቀዱ ሴቶቹ ሲያንሾካሹኩ ጀሪካኗን አስቀምጣ፣ "የኔ ባል ለክቶ ተሳስቶ አያውቅም፤ የሚያውቅ ካለ ይንገረኝ" ትላቸዋለች። ከአንዷ ጋር ተጣልታ፣ ዘመን ያስቆጠረ ጓደኝነታቸው በዚያው ቀረ። የሚያሰፉ ደንበኞቿም ሳሱ። አንድ ምሽት ራት እየበሉ ጠየቀችው።

"እውነቱን ንገረኝ። ተሳስተህ ነው?"

ልኬ ምግቡን እያየ፣ "ምናልባት" አላት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቧንቧ ጋ መጣላቱን ተወች። ሴቶቹ ሲያሙ አንገቷን ደፍታ ውኃዋን ትቀዳለች። ቤት ውስጥም ቀልዱ ቀነሰ፣ ቀነሰና ጠፋ። ኑሮ ሲከብዳት፣ "ያኔ ብትጠነቀቅ ኖሮ" የምትል ነገር ከአፏ ታመልጥ ጀመር። እሱ ሰምቶ እንዳልሰማ ይሆናል።

እንዲያም ሆኖ ልኬ ወደ እርሻው መሄዱን አልተወም። አማቹ አያናግረውም፤ ሲመጣ ካየው ቤት ይገባል ወይም ወደ ገበያ ይወጣል። ሰዉ ተቀይሞት ነው ይላል። ቅያሜ አልነበረም፤ ዓይኑን ማየት አቅቶት ነው። ልኬ ብቻውን የተጨማደደውን ቅርንጫፍ እየቆረጠ፣ ከግንዱ ሥር አፈሩን እያገላበጠ፣ ፍግ እየጨመረ ይውላል። ዕድገቱን መልሶ የሚቀሰቅስ ሌላ መድኃኒት አለ ሲሉት እሱንም ገዝቶ ረጨ። አንዳንዱ ዛፍ ትንሽ ዘርጋ አለ። ብዙው አልተንቀሳቀሰም። እየደረቀ ሲሄድ አማቹ ሰው ቀጥሮ ያስቆርጠዋል። እህቱ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ ንብ ያዳመጠችበት ዛፍም ከተቆረጡት አንዱ ነው።

ዓመታት አልፈው፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አማቹ የስፌት ቤቱ በር ላይ ቆመ። ጸጉሩ ሸብቷል። የልኬ ሚስት ቀና ብላ አየችውና መልሳ ጨርቋ ላይ አጎነበሰች።

"ምን ፈለግክ?"

"ባልሽን።"

"ጓዳ አለ። ደግሞ ምን አጠፋ ልትለው ነው?"

ልኬ ድምፁን ሰምቶ ወጣ። ወንበር ሳበለት። አማቹ አልተቀመጠም። ከመንገድ ጀምሮ ሲያመነዥገው የመጣ ይመስላል፣ በአንድ ትንፋሽ ተናገረው።

"ያኔ ሁለተኛ ያፈሰስኩት እኔ ነኝ። ጀሪካኑ አልተንጠባጠበም። በየግንዱ ሥር የገለበጥኩት እኔ ነኝ።"

"አውቃለሁ" አለው ልኬ።

"ምኑን ነው የምታውቀው?"

"ጀሪካኑን ልወስድ የመጣሁ ዕለት ነው ያወቅኩት። ወለሉ ደረቅ ነበር።"

አማቹ ያልተቀመጠበትን ወንበር መደገፊያ ያዘ። "ታዲያ ምነው ዝም አልክ?"

"እሷ በመስኮት እያየችን ምን ልበልህ?"

"ከሞተች በኋላስ?"

"ከሞተች በኋላማ ፊትህን አየሁት።"

አማቹ እዚያው ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ልኬ ትከሻውን ያዘው። ሁለቱም የስፌት መኪናው መቆሙን ልብ ያሉት ቆይተው ነው። የልኬ ሚስት እጇን ጨርቁ ላይ እንዳደረገች ባሏን ታየዋለች።

"ታውቅ ነበር" አለችው።

"አውቅ ነበር።"

"እኔ ስላንተ ሰው ስጣላ ታውቅ ነበር። ተሳስተህ ነው ወይ ብዬ ስጠይቅህ ታውቅ ነበር። 'ምናልባት' ነው ያልከኝ።"

"ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። አዘንኩለት።"

"ለእኔስ ማን ይዘንልኝ?" አለች። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። ተነሥታ ጓዳ ገባች፤ በሩንም ቀስ ብላ ዘጋችው።

አማቹ ከዚያ ወዲያ እውነቱን ላገኘው ሰው ሁሉ ተናገረ። ገበያ ላይ፣ መስኖው ጋ፣ ቧንቧው ጋ ሳይቀር ሄዶ ተናገረ። አንዳንዱ "እኛማ ድሮም ጠርጥረናል" አለ። አንዳንዱ አላመነም፤ ልኬን ለመከለል የተባለ ነገር መሰለው። ልኬን መልሰው የጠሩ ገበሬዎች ነበሩ፤ እሱ ግን እጄ ረስቶታል ብሎ መለሳቸው። እውነቱ፣ ጀሪካን ሲያነሣ ያ ደረቅ ወለል ይታየው ነበር። ሁለቱ ወንዶች ግን መገናኘት ጀመሩ። አብረው ይመለምላሉ፣ ከታች ባለው ባልተነካው መሬት አዲስ ችግኝ አብረው ተከሉ። ብዙ አያወሩም።

ቤቱ ውስጥ ግን ነገሩ እንዲህ ቶሎ አልቀለለም። ሚስቱ ጥላው አልሄደችም፤ አልሰደበችውምም። ራቱን ታቀርባለች፣ ልብሱን ታጥባለች። አልጋዋን ግን ወደ ስፌት ቤቱ አዛወረች። ብዙ ጊዜ እንዲህ ቆዩ። አንድ ምሽት፣ ሳህን እያነሣች ሳለ፣ ሳታየው ተናገረችው።

"ብትነግረኝ ኖሮ እኮ አብሬህ ዝም እል ነበር። ላንተም ለእሱም ስል እችለው ነበር። እኔን የጎዳኝ ስምህ መጥፋቱ አይደለም። ብቻዬን ትተኸኝ መኖርህ ነው።"

ልኬ በማግሥቱ ከእርሻ ሲመለስ ጓዳ አልገባም። ስፌት ቤቱ ውስጥ፣ ደንበኞች የሚቀመጡባት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለና፣ ማንም ሳይጠይቀው ውሎውን ይነግራት ጀመር። የትኛው ችግኝ እንደጸደቀ፣ የትኛውን ምስጥ እንደበላው፣ አማቹ ምሳውን ረስቶ ከእሱ እንደተካፈለ። መንገድ ላይ ማንን እንዳገኘ። እህቱ ትዝ ብላው እንዳለቀሰ። ከዚህ ቀደም ለማንም የማይለውን ሁሉ አወጣ። እሷ መስፋቷን አላቆመችም፤ ሰማችውም አልሰማችውም አይታወቅም።

እሱ ግን ምሽት ምሽት ይነግራት ነበር። የሚነግራት ባይኖር እንኳ ምንም እንደሌለ ይነግራታል። አንድ ቀን ስለ መስኖው ጠባቂና ስለጠፋችበት ፍየል እያወራ፣ ነገሩ አሰልቺ መሰለውና መሐል ላይ አቋረጠ። መኪናው ጥቂት ሰፍቶ ቆመ።

"ከዚያስ?" አለችው፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።

ልኬ ፍየሏ የት እንደተገኘች ነገራት።